አሻራ ያለባት ገል

ባለፈው ሳምንት ከቁፋሮ የወጡ ቅርሶች በሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ አንድ አሮጌ ሳጥን ከፈትኩ። በሸክላ ገል የተሞላ ነው። አንዷን አነሳኋት፤ ጠርዟ ላይ የጣት አሻራ አለባት። ሸክላ ሠሪው ጭቃው ሳይደርቅ ጫን ያደረገበት ነው። አውራ ጣቴን ባስቀምጥበት ልክክ አለ።

ከየት እንደወጣች ለማየት መለያ ወረቀቷን ፈለግኩ። እርጥበት በልቶት ብጥስጥስ ብሏል። ከየትኛው ጉድጓድ? ከስንተኛው የአፈር ንብርብር? አጠገቧስ ምን ነበር? አንጀቴ ተቃጠለ።

የተቆፈረ አፈር ተመልሶ እንደነበረው አይደረደርም። ያ ንብርብር ከዚያ በኋላ የሚኖረው በማስታወሻ፣ በሥዕልና በፎቶ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙንን መቃብር ሲያገኝ ወርቁን ዘርግፎ አላወጣም። ፎቶ አንሺው ሃሪ በርተን ዕቃዎቹን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ፎቶ ያነሳቸው ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥርና ካርድ ነበረው። ሥራው አሥር ዓመት ገደማ ወሰደ። ብዙዎች ወርቁን ያደንቃሉ፤ እኔ ግን ካርዶቹን።

ሕንፃም ቢሆን ያው ነው። የአቴንሱ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ የፓርተኖን ግንበኞች ድንጋዩን በብረት ሲያያይዙ ብረቱን በቀለጠ እርሳስ ይሸፍኑት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጠገኑት ሰዎች ግን ብረቱን ያለ እርሳስ ከተቱት። ዛገ፣ አበጠ፣ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። አንዳንድ ድንጋዮችም ያለ ቦታቸው ገብተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ብረቱን አውጥተው ታይታኒየም በሚባል በማይዝግ ማዕድን ተኩ፤ የድንጋዮቹንም ትክክለኛ ቦታ አንድ በአንድ አፈላለጉ። ስለዚህ ጥገናም መመዝገብ አለበት። ምን ነካን? በምን ማጣበቂያ? መቼ?

አንድሩ ታሎን የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 የፓሪሱን የኖትር ዳም ካቴድራል በሌዘር ለክቶ ነበር። በ2018 አረፈ። ካቴድራሉ የተቃጠለው በቀጣዩ ዓመት፣ በሚያዝያ 2019 ነው። መልሰው የሠሩት ሰዎች የእሱ ልኬት በእጃቸው ነበር። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

የእኔ ሥራ ትንሽ ነው። ገሉ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ በደንብ ይደርቃል። ጌጥ የሌለበትና ስብራቱ ያልሆነ ጥግ እመርጣለሁ። አሴቶን በሚባል ፈሳሽ የሚለቅ ቫርኒሽ ስስ አድርጌ እቀባለሁ፤ ሲደርቅ ቁጥሩን በቀጭን ብዕር እጽፍና በላዩ ደግሜ እቀባለሁ። ቁጥሩ በቀጥታ ገሉ ላይ መጻፍ የለበትም፤ ቀለሙ ሰርጎ ይገባና አይለቅም። መለያውም ሁለት ነው፦ አንዱ ከከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱ ከላይ። ያውም ውሃ በማይጎዳው ወረቀት።

ባልደረባዬ ገሏን አይታ፣ «ባክሽ፣ ጎን ካለው ሳጥን ገሎች ጋር ትመሳሰላለች፤ የእሱን ቁጥር ስጪያት» አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው፤ ቀኑም መሽቷል። ግን እምቢ አልኩ። ግምቴ ነገ የሌላ ሰው ማስረጃ ይሆናል።

አዲስ ቁጥር ሰጠኋት። ካርዱ ላይ «የተገኘችበት ቦታ አይታወቅም፤ የቀድሞው መለያ በእርጥበት ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑንና ስሜን ጨመርኩ። አሻራውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ መለኪያ አጠገቧ አድርጌ ፎቶ አነሳሁት። የወረቀቱን ብጣሽም አልጣልኩትም። ሁለት ፊደል ይታያልና በትንሽ ፖስታ አድርጌ አብሬ አስቀመጥኩት።