የማን ድርሻ ነው?

«ከውድቀትህ ተማር» የሚለውን ምክር አብዝተው የሚሰጡት ፈተናውን ያለፉ ሰዎች ናቸው። ይህን የታዘብኩት ጥር 2015 ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ሰሞን ነው።

ታናሽ ወንድሜ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበር። ከ700 ያመጣው 241 ነው። ማለፊያው 350 ነበር። ቤታችን ሰው ሞላ። ጎረቤቶች እማዬን «እግዜር ያጽናሽ» ሊሏት ምንም አልቀራቸውም። አጎቴ ደጋግመው ወድቀው በመጨረሻ ሀብታም የሆኑ ሰዎችን ታሪክ ደረደረለት። አንድ የሰፈር ልጅ አነቃቂ ቪዲዮ ላከለት። እሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ምግብ ይዤ ስገባ «ተይኝ በቃ» አለኝ፤ ተውኩት። ዛሬም ሳስበው፣ በነዚያ ቀናት ከተደረገለት ነገር ሁሉ የጠቀመው ዝም መባሉ ይመስለኛል።

በዚያ የ2014 ዙር ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነው። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። የሱም ትምህርት ቤት ከነሱ አንዱ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ወድቆ፣ ማታ ማታ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ተቀምጦ «ምን ነክቶህ ነው?» ይባላል። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካዝና ሲጎድል ገንዘብ ያዧን «አይዞሽ፣ ጠንክሪ» አንላትም። «ሌባ» ብለንም አንጀምርም። ደረሰኞቹን አውጥተን አንድ በአንድ እናያለን። አንዳንዱ ጉድለት የሷ ነው። አንዳንዱ ከባንክ የመጣ ነው። አንዳንዱ ከሷ በፊት የነበረው ሰው የተወው ነው። ይህ ሳይለይ ክፈዪ ብትባል፣ ከፍላም ቢሆን በሚቀጥለው ወር እንደገና ይጎድላል።

ከወንድሜም ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። ወዲያው አይደለም፤ እሱ ራሱ ሲፈልግ ነው ያወራነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ አሥረኛ ክፍል ነበር። የቀሩት ወራት እንደቀሩ ቀሩ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ 2011 ላይ ነው ያበቃው። ስለዚህ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ እስከ 12ኛው ድረስ የት ላይ እንዳለ የሚነግረው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የተዘጋጀ ፈተና አላገኘም። የፊዚክስ አስተማሪያቸው አጋማሽ ላይ ለቆ ሄደ፤ የተተካ ሰው የለም። ፈተናው የተሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከቤት ርቆ አድሮ አያውቅም ነበር። ስልክ የለም፣ የሚያውቀው ሰው የለም። የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ።

እስከዚህ ድረስ የሱ ድርሻ የለበትም። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረኝ። «ሒሳቡን ዘልዬዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር።»

አልተቆጣሁትም። የሱ ዕድሜ ልጆች ያደጉት እንዲህ ነው። በ2008 ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ የተሰረዘበት አገር ነው ያለነው። ኩረጃ «መተባበር» እየተባለ ስንት ዓመት ተኖረ! ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ መወሰዱን ብዙ ሰው ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ። ያልተስተካከለው ከፈተናው በፊት ያለው 12 ዓመት ነው። በቀጣዩ የ2015 ዙር ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ መሆናቸው አንድ ነገር ይነግረናል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም።

ብቻ ድርሻው ሲለይለት ልጁ ቀለል አለው። ሁሉም የሱ ጥፋት ሲባል ምን ይዞ ይነሳ? ምንም የሱ አይደለም ቢባልም የሚያስተካክለው ነገር አያገኝም። ሒሳቡ ግን የሱ ነው። ሒሳብ ደግሞ ተቀምጠህ ብታጠናው የሚገባ ነገር ነው።

ውጤቱ ለሬሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን ያላገኙ ልጆች ለሚገቡበት የማካካሻ ትምህርት፣ አልደረሰም። ቴክኒክና ሙያ ገባና የመኪና ኤሌክትሪክ ተማረ። እማዬ ለጎረቤት ስትናገር «ኮሌጅ ነው» ብላ ታልፈዋለች፣ ዝርዝር አትወድም። ሲጨርስ የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን፣ ሲኦሲን፣ ተፈተነ፤ በጽሑፉ አልፎ በተግባሩ ወደቀ።

ፈርቼ ነበር። አሁን ደግሞ ስንት ቀን ይተኛ ይሆን ብዬ። ማታ ከጋራዥ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ እራቱን በላ። ከዚያ ያለጥያቄ ነገረኝ። «የተሰጠኝ የመኪናው ዳይናሞ አልሞላ ያለበትን ምክንያት ማግኘት ነበር። ሽቦውን በትክክል ለካሁ። ግን ሰዓቱን በመፈታታት ጨረስኩት። መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ ነው መፍታት።» ቀጠለና «መለኪያው ደግሞ የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው፣ እሱ የኔ አይደለም» አለ። ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው፤ እኔ አንድ ቃል ሳልናገር።

በነጋታው ጋራዡ ባለቤት ዘንድ ሄዶ የተቃጠሉ ዳይናሞዎች ለመነ። ሰውዬው ብረታቸው ይሸጣል ብሎ ሲያጉረመርም ከቆየ በኋላ ጥቂቱን ሰጠው። በረንዳችን ዘይትና ሽቦ ሆኗል፤ እማዬ በየቀኑ ትጮኻለች። ሁለተኛ ተፈትኖ አለፈ፣ ግን እኔን የገረመኝ ማለፉ አልነበረም።

አሁን ቤት ውስጥ የቀረው ክርክር ሌላ ነው። እማዬ የ12ኛውን ፈተና በግል ይድገመው ትላለች። እሱ «ደሞዜን ልያዝና አያለሁ» ይላል። የሒሳብ መጽሐፉን ከሳጥን አውጥቶ አልጋው አጠገብ አስቀምጦታል፤ ሲያነበው ግን አላየሁም። እማዬ አግባቢው እያለች እኔን ትገፋኛለች። እኔ በዚህ ጉዳይ አልገባም ብያታለሁ፣ ተኮርፌያለሁም።