የፕረዳይን ስሞች በፊደላችን፦ የስምንት ወር የንባብ ማስታወሻ

ባለፈው ቅዳሜ ለንባብ ቡድናችን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንድም ስም አላደናቀፈኝም። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ከስምንት ወር በፊት ይህንኑ መጽሐፍ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ዘግቼ ወደ መደርደሪያው የመለስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ በጣም ደስ ብሎኛል። ደስታው ሳይበርድ የመጣሁበትን መንገድ ልጻፍላችሁ።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ደራሲ የሎይድ አሌክሳንደር የፕረዳይን ተከታታይ ነው። አምስት ቅጽ አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1964፣ የመጨረሻው በ1968 ወጣ። ይኸው የመጨረሻው ቅጽ በ1969 የኒውቤሪ ሜዳሊያ ተሸልሟል። የተጻፈው ለልጆችና ለወጣቶች ነው፤ እኛ ደግሞ ሰባት ጎልማሶች ነን። ታሪኩ የተቀዳው ከዌልስ ጥንታዊ ተረቶች፣ በተለይ ማቢኖጊዮን ከሚባለው ስብስብ ነው። ደራሲው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ ለሥልጠና ዌልስ ቆይቶ ነበር፤ ያገሩ መልክ አብሮት ቀረ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እስከ መጨረሻው ቅጽ ያለውን እያነሳሁ ነው የማወራው። ገና ያላነበባችሁ ካላችሁ አንብባችሁ ተመለሱ።

ጅማሬውን ባጭሩ ልለፈው። ታራን የሚባል፣ ወላጆቹን የማያውቅ ልጅ አለ። ሥራው የአሳማ ጠባቂ ረዳትነት ነው። አሳማዋ ሄን ዌን ትንቢት ታውቃለች። አንድ ቀን ደንግጣ ታመልጣለች፣ ልጁ ይከተላታል፣ ታሪኩ ከዚያ ይነሳል። እኛ ቡድን ውስጥ ከአሳማ ጋር ማንም ፍቅር የለውም። የመጀመሪያው ሳምንት ውይይት ግማሹ በዚህ አለቀ። "ትንቢት የምትናገር እንስሳ ከተፈለገ ምነው በግ አላደረጋት?" ያለችም ነበረች። ኋላ ላይ ግን በጥንታዊው ተረት አሳማ ከሌላው ዓለም፣ ከአኑን ንጉሥ የተላከ ውድ ስጦታ መሆኑን አነበብን። ስሞችንና ታሪኮችን ሦስት ሦስት እያደረጉ በሚዘረዝሩት የዌልስ ጥንታዊ የሦስትዮሽ ዝርዝሮች ውስጥም ሄንዌን የምትባል አሳማና ኮል የሚባል ጠባቂዋ አሉ። ስሟ "አሮጊቷ ነጭ" ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላጉረመረመም።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ ልምጣ፤ ወደ ስሞቹ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ተነባቢው ተደራርቦ፣ አናባቢው ጠፍቶ፣ ምላስ የሚጀምርበት ቦታ ያጣል። በመጀመሪያው ወር ያደረግኩትን በግልጽ ልናገር። አላነበብኳቸውም። ቅርጻቸውን ብቻ እያየሁ አልፋቸው ነበር። "በጂ የሚጀምረው ሰውዬ"፣ "በኤፍ የሚጀምረው ሰውዬ" እያልኩ። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ጕድዮንና ጕስቲል ተምታቱብኝ። አንደኛው ልዑልና ጦረኛ ነው፣ ታራን እንደ አርአያ የሚያየው። ሌላው ሁልጊዜ የሚነጫነጭ፣ ከምድር በታች ከሚኖረው ሕዝብ የተላከ ኬላ ጠባቂ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጌ ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ። ቡድኑ በትዕግሥት ሰማኝ። ቤቴ ስገባ ነው የገባኝ፤ በጣም አፈርኩ።

"ስሙን ዝለለውና ታሪኩን ተከተል" የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልስማማም። ስሙን ያልጠራኸውን ሰው አታዝንለትም። እኔ ለጕድዮን ማዘን የጀመርኩት ስሙን በአፌ ከያዝኩ በኋላ ነው።

በዚያው ማታ ባለመስመር ደብተር አወጣሁ። እያንዳንዱን ስም በፊደል ልጽፍ ተነሳሁ። የዌልሽኛ ፊደላት ድምፃቸው አይዋዥቅም። አንዴ ደንቡን ከያዝክ የማታውቀውን ስምም አስተካክለህ ታነባለህ። የሚያሳስተን በእንግሊዝኛ መነጽር ማየታችን ነው። ነጠላ ኤፍ "ቭ" ነው፣ ድርብ ኤፍ "ፍ" ነው። ሲኤች ከጉሮሮ የምትወጣው ኸ ናት፤ ስለዚህ ጠንቋይዋ ንግሥት አኽሬን ናት። ደብልዩ ብዙ ጊዜ አናባቢ ትሆናለች፣ እንደ ኡ።

ከሁሉ የገረመኝ ዋይ የምትባለው ናት። በቃሉ የመጨረሻ ቀለም (ሲላብል) ላይ ስትሆን፣ በሰሜን ዌልስ አነጋገር ከሳድሳችን ጋር በጣም ትቀራረባለች። ከዚያ በፊት ባሉት ቀለማት ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግዕዙ፣ ወደ "ረ" እና "ደ" ድምፅ ትጠጋለች። ስለዚህ የአገሩ ስም "ፕራይዴን" አይደለም፣ ፕረዳይን ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ በማስታወሻ የሚማረውን ድምፅ እኛ ከሀ ሁ ጀምረን ይዘነዋል።

ጕድዮን ላይ ደግሞ አንዲት የተረሳች ፊደል አገኘሁ። በድሮ አጻጻፍ ጕልላት፣ ጕንጕን ስንል የምንጠቀምባትን ጕ። ዛሬ ብዙዎቻችን በ"ጉ" ተክተናታል። የዌልሹ ስም ግን የሚፈልገው እሷኑ ነው። ጉድዮን ብለህ ብትጽፍ ድምፁ ይወፍራል፤ ጕድዮን ስትለው ቦታው ላይ ይቀመጣል። ያን ማታ ብቻዬን ደጋግሜ ጠራሁት።

ድርብ ዲ አስቸገረችኝ። በአማርኛ የለችም። ከቡድናችን አንዷ ጅዳ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ናት። እሷ ናት የፈታችው። "ይህማ የዐረቦቹ ዛል ናት፤ ምላስህን በጥርስህ መሃል አድርገህ ዘ በል" ብላ አሳየችን። ፍሌውዱር የሚለው ስም መሃል ላይ ያለችው "ዱ" እንዲህ ነው የምትነበበው። በደብተሬ ላይ ከ"ዱ" ሥር ነጥብ አድርጌባታለሁ።

ከዚያ ድርብ ኤል መጣች። ሦስት ወር የፈጀችብኝ እሷ ናት። የሦስተኛው ቅጽ ርዕስ ውስጥ አለች፣ የጥንቱ ተረት ጀግኖች ስም ውስጥም ሞልታለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው "ል" ብሎ ያልፋታል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ምላስህን "ለ" ለማለት እንደምታዘጋጀው አድርገህ ያዘው፤ ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ ትንፋሽህን በምላስህ ጎንና ጎን ልቀቀው። "ስ" ትመስላለች፣ "ሽ"ም ትመስላለች፣ ሁለቱንም ግን አይደለችም። ማለዳ ማለዳ ቁርስ ስሠራ የቢቢሲን የዌልሽኛ ጣቢያ፣ ሬዲዮ ከምሪን፣ በስልኬ እከፍት ነበር። የሚሉት አይገባኝም። ያቺን ድምፅ ብቻ እጠብቃለሁ። ካሉኝ መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል።

እንዴት ልጻፋት? እዚህ ላይ አንድ ነገር አነበብኩና ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። የሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ንጉሡ ሠ በጥንታዊው ግዕዝ ከእሳቱ ሰ የተለየ ድምፅ ነበረው። የሚገምቱትም በትክክል ይህንኑ በምላስ ጎን የሚለቀቅ ትንፋሽ ነው። ዛሬም በደቡብ ዐረቢያ እንደ መህሪና ሶቆጥሪ ባሉ ቋንቋዎች ውስጥ አለ። ልጅ ሆኜ "ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ሆኑ?" ብዬ የጠየቅኩትን ጥያቄ አንድ የዌልስ ስም መለሰልኝ። ስለዚህ ድርብ ኤልን በሠ ጻፍኳት። የሦስተኛው ቅጽ ርዕስ "የሥር ግንብ" ሆነ። ሥር፤ የዛፍ ሥር እንደምንለው ማለት ነው። የባሕሩ ነገሥታት ዘር የሚመዘዝበት ስም በፊደላችን እንዲህ ሆኖ ሲወጣ ደብተሩን ዘግቼ ትንሽ ዝም አልኩ።

በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉን። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተዋል። እሳቸው ተቃወሙኝ። "ልጄ፣ ሠን ዛሬ የሚያነባት ሁሉ ሰ ብሎ ነው የሚያነባት። ለራስህ ጻፈው፤ ለሌላው ብትሰጠው ግን ታሳስተዋለህ" አሉኝ። ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን። ትክክል ናቸው። ለቡድኑ ባባዛሁት ወረቀት ላይ "ል" አድርጌ በቅንፍ አነባበቡን ጻፍኩ። በራሴ ደብተር ግን ሠ እንደሆነች አለች፣ አልቀይራትም።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ፤ አንባቢው እንዴት ተከፋፈለ የሚለው ላይ። ትልቁ ክርክራችን አራውን ነው። በልቦለዱ የሞት ጌታ፣ የክፋት ሁሉ ምንጭ ነው። በማቢኖጊው (የማቢኖጊዮን እምብርት የሆኑት፣ "ቅርንጫፍ" የሚባሉት አራት ተረቶች ናቸው) የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ግን ሌላ ሰው ነው። የአኑን ንጉሥ፣ ቃሉን የሚያከብር። የደቬድ ልዑል የአራውን ውሾች የጣሉትን አጋዘን ለራሱ ውሾች ይሰጥና ያስቀይመዋል። ካሣው ደግሞ አንድ ዓመት መልክ ተለዋውጦ በሌላው አገር መንገሥ ነው። ልዑሉ ያን ዓመት ሙሉ ከንግሥቲቱ ጎን ፊቱን አዙሮ ይተኛል። አራውን ይህን ሲሰማ እንዲህ ያለ ወዳጅ ማግኘቱን ያደንቃል፣ እስከ መጨረሻውም ወዳጆች ይሆናሉ። ይህን አንብቤ ተናደድኩ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ጭራቅ ያደርገዋል? ጕድዮንም በተቃራኒው፤ በጥንቱ ተረት በአስማት የሰው አሳማ አታልሎ የወሰደ፣ ጦርነት የጫረ ሰው ነው፤ በልቦለዱ እንከን የለሽ ጀግና ሆኗል።

አንዷ እህታችን መለሰችልኝ። "ደራሲው ራሱ መግቢያው ላይ ፕረዳይን ሙሉ በሙሉ ዌልስ አይደለችም ብሏል። ያላለውን ለምን ትጠይቀዋለህ?" አለች። ንግግሯ ልክ ነው። እኔ ግን አሁንም ቅር ይለኛል። ሞትን የሚገዛ ክፉ ያልሆነ ንጉሥ ከሌላው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ልቦለዱ ያንን አጥቷል።

ጎላው ላይ ግን ደራሲውን አመሰግነዋለሁ። (ሁለተኛውን ቅጽ "ጥቁሩ ጎላ" ነው የምንለው፤ ድግስ ላይ ወጥ የሚሠራበት ትልቁ ጎላ ማለቴ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም።) በጥንቱ ተረት ሙታን ጎላው ውስጥ ይገባሉ፣ ሕያው ሆነው ይወጣሉ፣ መናገር ግን አይችሉም። ኤቭኒሽየን የሚባለው፣ ጦርነቱን በጭካኔው ያመጣው ሰው፣ ጸጸት ሲያንቀው ከሙታን መሃል ተኝቶ ይገባና ጎላውን ከውስጥ ይሰብረዋል፤ ልቡም አብሮ ይሰበራል። በልቦለዱ ይህን የሚያደርገው ኤሊዲር ነው፣ ኩራትና ቅናት ሲያቃጥለው የኖረው ወጣት ልዑል። ስሙ ተቀየረ እንጂ የታሪኩ አጥንት አለ። ይህን ምዕራፍ ያነበቡት መምህሩ ነበሩ፤ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

አራተኛው ቅጽ፣ ተንከራታቹ ታራን፣ ቡድኑን ለሁለት ከፈለው። ጦርነት የለበትም፤ ልጁ ወላጆቹን ፍለጋ ይዞራል። ሦስቱ ሰለቸን አሉ። እኔ ሌሎቹን አራቱን ሁሉ ከዚህ ጋር አላወዳድርም። ታራን ከአንጥረኛ፣ ከሸማኔ፣ ከሸክላ ሠሪ ዘንድ ይማራል። አንጥረኝነቱንም ሽመናውንም ይችለዋል። የሚወደው ግን ሸክላውን ነው፤ ለሸክላው ደግሞ እጁ አልተሰጠም። ሸክላ ሠሪው አይዋሸውም። እኔም ሦስት ወር ሙሉ ያቺን ትንፋሽ ስሞክር ይህን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለሰለቻቸው ሰዎች ግን አንድ ነገር አምናለሁ፤ መሃል ላይ ታሪኩ ይዘገያል። ሁለት ሳምንት ሳልከፍተው የቆየሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ልዕልቷ አይሎንዊ ላይ ደግሞ ተሸንፌያለሁ። መጨረሻ ላይ አስማቷን ትታ ከታራን ጋር ትቀራለች። እኔ "እሱም የማይሞትበትን አገር ትቶላታል፣ እኩል ናቸው" ብዬ ነበር። "እሱ የተወው ያልኖረበትን አገር ነው፤ እሷ የተወችው ራሷን ነው" አለችኝ ያቺው የጅዳዋ። መልስ አልነበረኝም።

ያልፈታነው አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው "ባርድ" የሚለው። ፍሌውዱር የበገናው ክር ባጋነነ ቁጥር የሚበጠስበት ንጉሥ ነው፤ ዙፋኑን ትቶ እየዞረ ይዘፍናል። ምን እንበለው? እኔ አዝማሪ አልኩ። መምህሩ ግን ፍሌውዱር የባርድነት ፈተና ገብቶ መውደቁን አስታወሱኝ። የዌልሶቹ በመምህር እግር ሥር ዓመታት የሚማሩ፣ የግጥም ቤት ሕግ የሚጠብቁ ናቸው፤ ባለቅኔ ነው የሚባለው አሉ። ታዲያ ፈተናውን ያላለፈ ባለቅኔ ምን ይባላል?

የሚመጣው ቅዳሜ ማቢኖጊውን ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ እንጀምራለን። የማነበው እኔ ነኝ። የደቬዱ ልዑል ስም ፑይሥ ነው፤ ሠ እዚህ የቃሉ መጨረሻ ላይ ናት፣ እዚያ ላይ ትንፋሼ አሁንም ወደ "ሽ" ይሸሻል። ድምፁን በትክክል የምታወጡ ካላችሁ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ እስከ ዓርብ ማታ እለማመዳለሁ።