ሶሉ ያላለቀ ጫማ

የመጀመሪያውን የመሮጫ ጫማዬን የገዛሁት ከሱቅ ነበር። እግር ውሎ አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ሄጄ፣ በምሮጥበት ካልሲ ሞከርሁት፤ ከረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍተት መኖሩንም አረጋገጥሁ። በዚያ ጫማ አንድም ቀን አላመመኝም።

ጥፋቱ የመጣው እሱን ስቀይር ነው። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ነሐሴ ላይ ልምምድ ስጀምር የአዲስ ጫማ ዋጋ አስደንግጦኝ መርካቶ ወርጄ ሰልባጅ አየሁ። ነጋዴው አንዱን ጫማ ገልብጦ ሶሉን አሳየኝና «ይኸው፣ አስፋልት አልነካም» አለኝ። እውነትም የሶሉ ጥርስ አንድም አልተበላም ነበር። በርካሽ ያገኘሁ መስሎኝ ሳልከራከር ከፈልሁ፤ ዛሬ ሳስበው ከነጋዴው ይልቅ የሚያናድደኝ ያ ደስታዬ ነው።

ያን ጊዜ ያልገባኝ፣ ሯጭን የሚሸከመው መሬት የሚነካው ላስቲክ ሳይሆን ከላስቲኩና ከእግር መካከል ያለው ስፖንጅ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኢቪኤ ከሚባል ነገር የሚሠራው ይህ ስፖንጅ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ሲሆን፣ በየእርምጃው ሲጨፈለቅ ቆይቶ መልሶ መነሣት ያቅተዋል፤ ሳይደረግ ለዓመታት ቢቀመጥ እንኳ ይደርቃል። ላስቲኩ ግን ታጥቦ አዲስ ይመስላል።

በሦስተኛው ሳምንት የእግሬን አገዳ ያመኝ ጀመር። በመጀመሪያ የእንጦጦን ቁልቁለት፣ ቀጥሎ የሰፈሬን ኮብልስቶን ወቀስሁ። ወጌሻ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጄ በቅቤ ታሸሁ፤ የሁለቱ ቀን ክፍያ ቢደመር ለአዲስ ጫማ ጥሩ መነሻ ይሆነኝ ነበር። የመሮጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል የሚለውን ምክር ይዤ በደብተር እመዘግብ ስለነበር፣ ገና 180 ላይ መሆኔን እያየሁ ጫማውን ከጥርጣሬ ነጻ አደረግሁት። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ስንት እንደሮጠበት በደብተሬ አለመኖሩ ለአፍታም አልታየኝም።

ጉዱ የወጣው የሶሉ ጫፍ ለቀቅ ብሎ በማስቲሽ ላስለጥፈው ሊስትሮ ዘንድ ስወስደው ነው። ልጁ ጎኑን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሞቷል፤ ቢለጠፍስ ምን ይሠራል?» አለኝ። በጎኑ በኩል የተደራረበውን የስፖንጅ ሽብሽብ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ በሁለት ወር ያላወቅሁትን እሱ በአንድ ደቂቃ አወቀው። በኋላ የሄድሁበት ሐኪም ደግሞ አጥንቴ ሳይሰነጠቅ እንዳርፍ አዘዘኝ፤ የሩጫው ዕለት ቲሸርቱን ለብሼ ከመስቀል አደባባይ ዳር ቆሜ አጨበጨብሁ።

ከዚህ በኋላ ሰልባጅ ለሩጫ አልገዛም፤ አቅም ከሌለ ርካሽ አዲስ ይሻላል። የኪሎ ሜትሩንም ቁጥር እንደ ሕግ አልይዘውም፤ እንደ እኔ 84 ኪሎ የሚመዝንና ድንጋይ ላይ የሚሮጥ ሰው ስፖንጁንና እግሩን ይስማ። እግርን አርጥቦ ወረቀት ላይ በመርገጥ የውስጥ እግርን ቅርጽ አይቶ ጫማ መምረጥ የሚባለውንም ሞክሬዋለሁ፤ የመረጠልኝ ጫማ ቆነጠጠኝ። ሲያደርጉት የተመቸ ይበልጣል። «ውድ ዕቃ ይበረክታል» የሚሉም አሉ፤ ትግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የገባችበት ጫማ 500 ዶላር ይሸጥ የነበረ፣ ክብደቱ 138 ግራም ብቻ የሆነ፣ ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃው ያህል የተሠራ ነበር።

አሁን ሁለት ጫማ እያፈራረቅሁ እሮጣለሁ፤ የጀመርሁበትን ቀንም ምላሱ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ሰልባጁን አልጣልሁትም፤ ጓሮ አትክልት ሳጠጣ አደርገዋለሁ። ሶሉ ዛሬም አዲስ ይመስላል።