ዛሬ ማለዳ እንጦጦ ላይ

ዛሬ ማለዳ ከእኅቶች ጋር እንጦጦ ወጥተን በባሕር ዛፉ መካከል ሮጥን። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገቱ ሳይጋመስ ትንፋሽ ያጥራል፤ እኔን ግን በትዳር ዘመኔ ትንፋሽ ያሳጠረኝ ማታ የበሩ ቁልፍ ሲዞር የምሰማው ድምፅ ስለነበር፣ ልቤ ያለ ፍርሃት በኃይል ሲመታ መስማት እጅግ ያስደስተኛል።

በጫካ ውስጥ መሮጥ ሐሳብን ለሌላ ነገር አይተውም። የሚያንሸራትተውን ቅጠል፣ ከመሬት የወጣውን ሥርና የላላውን ድንጋይ እያየሁ ቀጣዩን እርምጃ የት እንደማሳርፍ የምወስነው እኔው ነኝ፤ የምለብሰውንና የማናግረውን ሰው ሳይቀር ሌላ ሲወስንልኝ ኖሬያለሁና ይህ ውሳኔ ትንሽ አይደለም። ቁልቁለቱ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ዛሬም ትከሻዬ ተሸማቀቀ፤ አንዷ እኅት ገብቷት «እኔ ነኝ፣ በግራሽ ልለፍ» አለችኝ።

ሩጫ ብቻውን ያድናል ብዬ ግን ለማንም አልናገርም። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ በ2021 እ.ኤ.አ. የሴቶች ብቻ የ10 ኪሎ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በሰበረች በወሩ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኝታለች። እኔንም መጀመሪያ ያተረፈኝ መጠለያና የምክር አገልግሎት ነው፤ ሩጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ቻይው» የሚሉ ሽማግሌዎችም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል ማድረጉን እንዲያውቁ አጥብቄ እለምናለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደገና እንወጣለን። መምጣት የምትፈልግ እኅት በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ፤ መሮጥ ካልቻለች አብረናት በእግር እንሄዳለን።