የአያት ስም በ64 ባይት

ካለፈው ክረምት ወዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው፣ ድረ ገጾች ተጠቃሚዎቻቸውን ከይለፍ ቃል ይልቅ በፓስኪ (ስልክ ውስጥ በሚቀመጥና በጣት አሻራ በሚከፈት ዲጂታል ቁልፍ) እንዲያስገቡ የሚረዳ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራመሮች በነጻ ወስደው የሚጠቀሙበት ኮድ ነው። ለሥራው ምክንያት የሆነኝ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት መዝገብ ነው። ገንዘብ ያዧ ወደ መዝገቡ ለመግባት ከይለፍ ቃሉ ሌላ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ባለ6 አሃዝ ኮድ ያስፈልጋቸው ስለነበር፣ ኔትወርክ በደከመ ቀን ኮዱ እስኪደርስ ድረስ አባላቱ መስኮቱ ፊት ቆመው ይጠብቁ ነበር። በዚያ ላይ እንዲህ ያለውን ኮድ፣ ደውሎ «ንገሩኝ» ለሚል አጭበርባሪ ሳያስቡት መስጠት ይቻላል፤ የፓስኪን ቁልፍ ግን ባለቤቱ ራሱ እንኳ አያውቀውምና ለማንም ሊነግር አይችልም።

ፓስኪ ሲመዘገብ ስልኩ ሁለት ተጣማሪ ቁልፎችን ፈጥሮ የግሉን ያስቀራል፣ ይፋዊውን ለሰርቨሩ (ድረ ገጹ ላለበት ኮምፒውተር) ይሰጣል። ሰው ሊገባ ሲል ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ባለቤቱ ጣቱን ሲያሳርፍ ስልኩ በግል ቁልፉ ፈርሞ ይመልሳል። የፊርማውን ስሌት የታወቁ የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪዎች ስለሚሠሩት የእኔ ድካም እዚያ ላይ አይደለም። የእኔ ሥራ፣ የድር መስፈርቶችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው፣ ዌብኦተን በተባለው የፓስኪ መስፈርት የተዘረዘሩትን ፍተሻዎች አንድም ሳያስቀሩ መፈጸም ነው፤ የተመለሰው ቁጥር የላክነው ነውን፣ ፊርማው የተጠየቀበት አድራሻ የእኛው ነውን፣ ስልኩ ከሚመልሰው፣ ቢያንስ 37 ባይት ከሆነው መረጃ ውስጥ የመጀመሪያው 32 ባይት ከድረ ገጻችን ስም ሃሽ (ከስሙ በስሌት ከሚወጣ አሻራ) ጋር ይገጥማልን እያሉ መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜዬን ሎካልሆስት (የራሴው ኮምፒውተር) ላይ ነው የሠራሁት፤ ብራውዘሮች እዚያ ላይ ያለ ኤችቲቲፒኤስም (ያለ ተመሠጠረ ግንኙነትም) ፓስኪን ስለሚፈቅዱ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ቀናት እንኳ ሥራው አልቆመም።

ከሃሹ ቀጥሎ ባለው አንድ ባይት ውስጥ ቁልፉ መጠባበቂያ ቅጂ እንዳለውና እንደሌለው የሚናገር ምልክት አለ። ይህን ምልክት ብቻውን አላምነውም። በእኛ አካባቢ ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይሉን ሱቁ ውስጥ ባለሱቁ ከፍቶለት፣ የይለፍ ቃሉን ሳያውቀው ለዓመታት ሲጠቀም አይቻለሁ፤ ስልኩ በጠፋ ቀን በዚያ ጂሜይል የሚከፈት ቅጂ አለ ቢባልም ለእርሱ የሌለ ያህል ነው። ስለዚህ ላይብረሪው ምልክቱ ምንም ይበል ምን ሁለተኛ ፓስኪ እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። መስፈርቱ ቁልፉን የሚይዘው መሣሪያ ለስም ቢያንስ 64 ባይት ቦታ እንዲኖረው ያዝዛል፤ ከዚያ የሚተርፈውን መሣሪያው ሊቆርጠው ይችላል። እኔም አስቀድሜ በ64ኛው ባይት ላይ የሚቆርጥ ኮድ ጻፍሁ፤ በላቲን ፊደል በተጻፉ ስሞች ሞከርሁት፤ ሠራ። ገንዘብ ያዧ በተመዘገቡ ጊዜ ግን መለያ መምረጫው ላይ የአያታቸው ስም መጨረሻ ፊደል ጠፍቶ በቦታው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ወጣ። ስልኩን ወደ እኔ አዙረው «ልጄ፣ አያቴን ምን አድርገህ ነው የሰበርኻቸው?» አሉኝ።

የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጥበት ሥርዓት) እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ለሙከራ ያዘጋጀሁት «ወለተኢየሱስ ኃይለማርያም ገብረመድኅን» የሚል ስም 21 ፊደላትና 2 ክፍተቶች አሉት፤ ድምሩ 65 ባይት ነው። በአንድ ባይት በለጠና ከ«ን» ሦስት ባይቶች ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ተጠቃሚው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን ሰርቨሩ በሰጠው የዘፈቀደ መለያ በመሆኑ ወደ መዝገቡ መግባቱ አልተሰናከለም፤ ነገር ግን ሰው የራሱን ስም ተሰብሮ እያየ ጣቱን አሳርፍ ማለት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ፊደሉ እስከሚጀምርበት ባይት ወደኋላ መመለስ ነበር። ይህም ቢሆን «ገብረመድኅ» የሚል ትርጉም የሌለው ቃል ያስቀራል። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነውና፣ ስሙ ካልበቃ የአያቱን ስም ከክፍተቱ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ መተው ፊደል ከመቁረጥ ይሻላል ብዬ ኮዱን በዚያው አስተካከልሁ፤ የግእዝ ስሞችንም ላይብረሪው በተለወጠ ቁጥር ከሚሮጡት ፈተናዎች ውስጥ ጨመርኋቸው።

በማግስቱ ሄጄ ፓስኪያቸውን በድጋሚ መዘገብሁላቸው። ሁለቱን ስም አንብበው «መዝገቡ ላይስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ሦስቱም ስም ሙሉ ነበር።