ያመመኝ መጥበቡ አልነበረም፦ ሦስት ወር ከሆኪ ጫማ ጋር

እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ በጎልማሳነት ዕድሜ በረዶ ላይ መንሸራተት ለጀመራችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁን ዳር ቆማችሁ እያያችሁ «እኔስ?» ለምትሉ የአገሬ ልጆች ይህን እጽፋለሁ። ባለፈው የጻፍኩት ስለ መውደቅ ነበር፤ ዛሬ ስለ እግርና ስለ ሆኪ ጫማ፣ ማለትም በረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱበት ባለ ስለት ጫማ ነው። ስለ አጨዋወቴ ገና የምለው የለኝም። ለመቆም አሁንም ግድግዳ እፈልጋለሁ።

ጥፋቱ የጀመረው ኅዳር ውስጥ ነው። ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ገብቼ የዘወትር ጫማዬን ቁጥር፣ ማለትም 9 ቁጥር፣ አንስቼ ወጣሁ። 9 ተኩል ቢኖር እሱን እመርጥ ነበር። ያደግኩት ለመስከረም የሚገዛ ጫማ ለሚቀጥለውም መስከረም እንዲደርስ ተብሎ በሚመረጥበት ቤት ነው። ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ እግር እስኪሞላው ይጠበቃል። ሱቁ ውስጥ ጣቶቼ እንደ ልባቸው ሲንቀሳቀሱ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት የመከራ ነበሩ። በረዶው ላይ በወጣሁ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የሚያዩኝ ሁሉ «ቁርጭምጭሚትህ ደካማ ነው» ስላሉኝ ማታ ማታ በአንድ እግሬ እየቆምኩ ማጠንከር ያዝኩ። ጫማው እንዳይላላ ደግሞ ክሩን ባለ በሌለ ኃይሌ እስባለሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የጫማው ምላስ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከቁርጭምጭሚቴ ፊት ለፊት፣ በገመድ እንደ ታነቀ ያመኛል። ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። መድኃኒቱ ወፍራም ካልሲ መስሎኝ ሁለት ደረብኩ፤ ጣቶቼ ጭራሽ ደነዘዙ። የዚህ ጫማ የእንግሊዝኛ ስም በፊደላችን ሲጻፍ «ስኬት» መሆኑ ያን ሰሞን እንደ ስድብ ይሰማኝ ነበር።

ነገሩን የገለጡልኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሆኪ ተጫውተው አሁን ጉልበታቸው የከለከላቸው ሽማግሌ። ጋራዤ ውስጥ አስቀምጠውኝ ጫማውን ክሩን ፈትቼ እንዳጠልቅ አዘዙኝ። ጣቶቼን ወደ ፊት አስገፍተው ከተረከዜ ኋላ በቀረው ክፍተት የራሳቸውን ጣት ከተቱ። አንድ ጣት በግድ ቢገባ ባልከፋ፤ ሁለት ጣታቸው እንደ ልቡ ገባ። ራሳቸውን ነቀነቁና ያመመህ ስለ ጠበበህ ሳይሆን ስለ ሰፋህ ነው አሉኝ።

መጀመሪያ አላመንኳቸውም። ቀስ ብዬ ሳስበው ግን ሦስቱም ሕመሞቼ አንድ እናት ነበራቸው። ጫማው ሰፊ ስለ ሆነ ተረከዜ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣ ይፈተጋል፤ ሲፈተግ ውሃ ይቋጥራል። ቁርጭምጭሚቴን ከግራ ከቀኝ የሚደግፈው ስለሌለ ይታጠፋል። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ክፍተት በክር ልዘጋ ስሞክር ጭነቱ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ጣቶችን ወደ ላይ የሚስቡት ጅማቶች ከቆዳ ሥር ስለሚያልፉ ይቆጣሉ። ወፍራሙ ካልሲም ቢሆን የደም ዝውውሬን አጨናነቀ እንጂ አላሞቀኝም። አሁን የማደርገው አንድ ስስ ካልሲ ነው፤ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ እንኳ ከበፊቱ ይሻለኛል።

ሁለተኛውን ጫማ ከመግዛቴ በፊት ወረቀት ላይ ቆሜ፣ ተረከዜን ከግድግዳ አስጠግቼ እግሬን ለካሁ። 27 ሳንቲሜትር ነው። የሆኪ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከዘወትር የአሜሪካ ጫማ ቁጥር በ1 ወይም በ1 ተኩል ያንሳል፤ ለእኔ የደረሰው 7 ተኩል ነው። ቀጥ ብዬ ስቆም ጣቶቼ የፊቱን ጫፍ ለመንካት ያህል ይነካሉ፤ ጉልበቴን ሳጥፍ ተረከዜ ወደ ኋላ ሸሸት ይልና ጣቶቼ ነፃ ይወጣሉ። ርዝመቱ ግን ከነገሩ ግማሹ ብቻ ነው። ስፋትና ጥልቀትም አለ፤ ባወር የተባለው የጫማ አምራች «ፊት» (Fit፣ ልክ ማለት ነው) 1፣ 2 እና 3 ብሎ ይከፍለዋል፣ 3 ለሰፊ እግር ነው። የኔ እግር በባዶው ኳስ ሲያሳድድ ያደገ ስለ ሆነ ጣቶቹ ዘርጋ ያሉ ናቸው፤ 3 ሆነ።

ጥልቀቱን ለማወቅ ሽማግሌው ያሳዩኝ ዘዴ የእርሳስ ነው። ክሩ ላልቶ እግራችሁ ውስጥ እንዳለ፣ ከላይ ሦስተኛ በሆኑት የክር ቀዳዳዎች ላይ እርሳስ አጋድሙ። እርሳሱ እግራችሁን ሳይነካ በሁለቱ ጠርዞች ላይ ካረፈ ጥልቀቱ በቂ ነው። የእግራችሁ ጀርባ ካነሣው ግን ያ ጫማ የእናንተ አይደለም፤ የትኛውም የክር አስተሳሰር አያድነውም።

ቀጥሎ ኦቨን። የአሁን ዘመን ጫማዎች ብዙዎቹ ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፣ ሲቀዘቅዙ የእግርን ቅርጽ ይዘው ይቀራሉ። ሁሉም እንዲህ አይደሉምና አምራቹ የጻፈውን ሳታነቡ አትሞክሩት። ሱቆች ለዚሁ የተሠራ ምድጃ ስላላቸው የተሻለው እሱ ነው፤ እኔን ወረፋው አሰለቸኝ። የሚፈለገው ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የቤታችን ኦቨን ቁልፍ 80 ላይ ሆኖ ሳለ ውስጥ ያኖርኩት ቴርሞሜትር 95 አሳየኝ፤ በቁልፉ ብተማመን ኖሮ ጫማዬን አቅልጬ ነበር። ሙቀቱ እስኪወርድ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ፣ ኦቨኑን ጨርሶ አጠፋሁ፣ ከዚያ አንዱን እግር ብቻ ፎጣ በተነጠፈበት ትሪ ላይ አድርጌ ለ5 ደቂቃ አስገባሁ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ በምትጋግርበት ኦቨን ውስጥ ጫማ ስታይ ያለችውን አልጽፈውም፤ አዲስ ነው፣ እግር አልነካውም ብዬ ምዬ ነው ያለፍኩት።

ትኩሱን ጫማ አጥልቆ ተረከዝን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ማስጠጋት ነው። ክሩ ሲታሰር ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይሳብም፤ የሞቀ ቀዳዳ በቀላሉ ይቀደዳል። ከዚያ ጉልበትን በቀኝ ማዕዘን አጥፎ 15 ደቂቃ መቀመጥ። መነሣት የለም፣ መራመድ የለም፤ ስልክ ቢጠራም ይጥራ። ከዚያ ሌላው እግር። ለ24 ሰዓት በረዶ አይነካም። በቀጣዩ ሳምንት ስለቱን በመከላከያው ሸፍኜ፣ የከተማችንን የሆኪ ቡድን የኦይለርስን ጨዋታ በቴሌቪዥን እያየሁ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ አደረግሁት።

አንድ ነጥብ ግን አልለቅ አለኝ፤ ከግራ እግሬ ትንሿ ጣት በታች ያለችው አጥንት። እዚያ ላይ የባለቤቴን ከንፈር ቀለም ቀብቼ እግሬን ከተትኩ (ሌላ ክስ)፤ ገበሩ ላይ ትክክለኛው ቦታ ታተመ። መያዣው የተሰነጠቀ አሮጌ ዘነዘና ነበረን፤ ክብ ጫፉን በመጋዝ ቆርጬ ከውስጥ፣ የፕላስተር ጥቅል ቀለበት ከውጭ አድርጌ፣ ቦታውን በፀጉር ማድረቂያ 4 ደቂቃ ካሞቅሁ በኋላ በእጅ ሞርሳ ጠብቄ አሳደርኩት። ልጅ ሳለን አዲስ ጫማ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቀን እንደምናሳድረው ማለት ነው፣ በብረት ታግዞ። ሁለት ሌሊት ፈጀ። አሁን አጥንቷ የራሷ ጎጆ አላት።

ከሁሉ የከነከነኝ የልጄ ጉዳይ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለእሷም «ታድግበታለች» ብዬ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ገዝቼላት ነበር። ተረከዜን ያመኛል ስትለኝ ትለምጂዋለሽ እያልኩ አለፍኳት። በማደግ ላይ ላለ ልጅ እንኳ ከግማሽ ቁጥር በላይ መተው እንደማይገባ ያወቅሁት የራሴ ተረከዝ ከተላጠ በኋላ ነው። ቀየርኩላት። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ እሷ ግን የጠየቀችኝ «አሁን ኋልዮሽ መሄድ እችላለሁ?» ብቻ ነበር። ቻለች።

የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ፣ ከዶሮው በኋላ፣ በሠፈራችን ማኅበር ደጅ ባለው የበረዶ ሜዳ ላይ አብረን ወጣን። አባቴ በገና ዱላ ሲያንከባልል ያየሁትን ጨዋታ በብረት ላይ ቆሜ ልሞክረው መሆኑ ለራሴም አስቆኛል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ ግን አንድም ጊዜ አልታጠፈም፤ ማታ ማታ በአንድ እግር መቆሙን ካቆምኩ አንድ ወር አልፎኝ ነበር።

የቀረኝ ነገር አለ። ከ40 ደቂቃ በኋላ የቀኝ እግሬ ጣቶች ይደነዝዛሉ። የታችኞቹን ሦስት ቀዳዳዎች ላላ፣ መካከሎቹን ጠበቅ፣ ምላሱ የሚያመኝ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ዘልዬ ልሞክር ነው። የጫማውን ምላስ በወፍራም ፌልት (በተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ያስቀየራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልኝ፤ የቤታችንን ዘነዘና ከእንግዲህ መንካት አልችልም።