ሰው ያጣ ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ድሮ በጥንቃቄ የተሠሩ ቤቶች ሰው አጥተው፣ ዓይናችን እያየ ይፈርሳሉ። ከተማዋ መንቆረር በምትባልበት ዘመን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ነበረች። ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ይወራል፤ ስለ ተራው የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን ማን ያወራል?

አባቴ አናጢ ስለነበር እነዚህን ቤቶች አውቃቸዋለሁ። ቋሚው ጽድ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ሰንብቶ ነው የሚመረገው። ምርጊቱን በየጊዜው ማደስ ይጠይቃል። ሰው ሲለቅ ግን ጣሪያውን የሚያይለት የለም። አንድ ቆርቆሮ ከተነሳ ክረምቱ ጭቃውን ያጥበዋል። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይገባል። ጽዱ ይችለዋል፤ የባሕር ዛፉ ማገር ግን ላዩ ደህና መስሎ በጣት ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ግድግዳው እንዲህ ነው የሚሄደው።

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙዎቹ ቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራያቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ታዲያ በምን ይታደሱ? ተከራዩ ሲወጣ በሩ ተዘጋ፣ በቃ።

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይፈርስ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992። ያልተመዘገበው ነው ሜዳ ላይ የቀረው። ስለዚህ መጀመሪያ ይመዝገቡ። ምዝገባው እስኪያልቅ ደግሞ የተነሳው ቆርቆሮ ከክረምት በፊት ይመታ። ቤተ መጻሕፍት ይሁን፣ የሸማኔዎች መሥሪያ ይሁን፣ ብቻ ሰው ይግባባቸው።